ብፌ ውስጥ የተቆለፈው ሮቦት፦ ስለ ድሮ የጠፈር መጫወቻዎች ጥያቄና መልስ

አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የድሮ ሮቦት፣ ሮኬትና የጠፈር ሰው መጫወቻ መሰብሰብ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ጠይቁኝ ስላችሁ ስልኬን አጨናነቃችሁት፤ እስቲ ያቅሜን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

እውነት እዚህ አገር የድሮ የጠፈር መጫወቻ ይገኛል? ወይስ ከውጭ እያስመጣህ ነው የምትፎክርብን?

ይገኛል፣ ያውም ንጹሑ። ፈረንጅ አገር ልጁ መጫወቻ ሲሰጡት ይጫወትበታል፣ ይሰብረዋል፣ አለቀ። እኛ ጋ ግን ከውጭ የመጣ መጫወቻ የሳሎን ጌጥ ነበር። ብፌ ውስጥ ከሲኒዎቹ ጎን ይቀመጣል፣ መስታወቱ ይቆለፋል፣ ልጅ በዓይኑ ይጠግባል። አክስቴ ቤት ባሏ ባቡር ላይ ሲሠራ ከጅቡቲ ያመጣው የጃፓን የቆርቆሮ ሮቦት ነበር፤ አንድ ቀን ከአጎቴ ልጅ ጋር ሰርቀን አውጥተን፣ በቁልፉ ጠምዝዘን ኮሪደር ላይ ስናስኬደው ተያዝንና የቀመስነውን ኩርኩም እስካሁን አልረሳውም። እና መጀመሪያ የአያትህን ብፌ እይ። ቀጥሎ ቆራሌዎችን ያዝ። እኔ ሁለቱ ጋ ስልኬን ትቻለሁ፣ ሮቦት ነገር ካገኛችሁ ቆርቆሮ ነው ብላችሁ በኪሎ እንዳትሸጡት ብዬ።

የጃፓን መሆኑን በምን ልለይ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 60ዎቹ ድረስ ጃፓኖች ሥዕል የታተመበት ቆርቆሮ እያጠፉ ሮቦት ሠርተው ለዓለም ሸጡ። ጀርባውን ወይም እግሩን ስታይ የአምራቹን ምልክት ታገኛለህ፦ ኤስ ኤች ካለ ሆሪካዋ ነው፣ ቲ ኤን ኖሙራ፣ ቲ ኤም ደግሞ ማሱዳያ። «ሜድ ኢን ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚል ካገኘህ አሜሪካኖች ጃፓንን በያዙበት ዘመን፣ ከ1952 በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው፤ እሱን ይዘህ ቶሎ ደውልልኝ! በተቃራኒው የአውሮፓው የሲ ኢ ምልክት ካለበት ከ1990 ወዲህ የተሠራ ነው፣ የ50ዎቹ ነው ቢሉህ እንዳትሰማ። እኔ ይቺን ሳላውቅ አንዴ በደንብ ተሸውጃለሁ። አዲስ ተሠርቶ፣ በሻይ ተነክሮ የደበዘዘ ካርቶን ውስጥ ነበር።

ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሬ ስመለስ ለልጆቼ ያመጣሁት ባለ ስምንት ጎማ መኪና ነገር አለ። የሚረባ ነው?

ጋሼ፣ እባክዎ ለማንም እንዳይሰጡት። ሉኖኮድ ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛው ሉኖኮድ 1 በኅዳር 1970 ጨረቃ ላይ ወርዶ ከምድር በሬዲዮ እየተነዳ የሄደ ባለ 8 ጎማ ተሽከርካሪ ነው፤ ሶቪየቶች መጫወቻውንም ሠርተውለታል። ሆዱን ገልብጠው ይዩልኝ። የሶቪየት መጫወቻ ላይ ብዙ ጊዜ ዋጋው ራሱ በሩብል ተቀርጾበት ይገኛል (ነጋዴ እንዳይጨምር ይሆን? እኔን ያስቀኛል)። አምስት ማዕዘን ያለው የጥራት ምልክት ካለበት ደግሞ ከ1967 ወዲህ ነው።

ድንጋይ የሚገባበት ቦታ ነጭ ነገር አብቅሏል። ልጣለው?

ኧረ አትጣዪው! አልካላይን ድንጋይ ውስጡ ቆይቶ አፍስሶ ነው። ጓንት አድርጊ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አቼቶ አስነክተሽ ነጩን ጥረጊው፣ ከዚያ ትንሽ እርጥብ ባለ ጨርቅ አጽድተሽ በደንብ አድርቂው። አቼቶው ቀለሙን እንዳይነካ። ሁለተኛ ደግሞ ድንጋይ ጨምረሽ አታስቀምጪ።

ሐዋሳ ነኝ። ሮኬቴ ዝገት ጀመረው፣ በብርጭቆ ወረቀት ልፈትገው?

በፍጹም! ዝገቱን ሳይሆን ሥዕሉን ነው የምትፍቀው፤ ሥዕሉ ከሄደ ያለህ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርገህ ቀስ ብለህ እሸው። ሐይቁ አጠገብ ስለሆንክ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋን «እንዳትበላ» የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት ሰብስብና አብረህ አስቀምጥ፣ እርጥበት ትመጥልሃለች። ደግሞ የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ሕፃን አፉ ውስጥ እንዳይከተው።

ነጭ የነበረው የፕላስቲክ የጠፈር መንኮራኩሬ ቢጫ ሆነ። ፐሮክሳይድ የሚባለው ማንጫ ኬሚካል ይመልሰዋል ይላሉ።

ይመልሰዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፣ እኔ ትቼዋለሁ። ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው፤ የአዳማን ፀሐይ ደግሞ አልነግርህም። ከመስኮት አርቀው።

ለባዶ ካርቶን ብር የሚከፍሉ ሰዎች አሉ ሲባል ሰማሁ። ጤነኞች ናቸው?

ጤናቸውን እንጃ፣ ግን ነገሩ እውነት ነው። 1977 ስታር ዋርስ የሚባለው የጠፈር ፊልም ሲወጣ ኬነር የተባለው ኩባንያ መጫወቻውን ለገና ማድረስ አልቻለም። ምን አደረገ? ባዶ ካርቶን ሸጠ! ውስጡ ኩፖን አለው፣ እሱን በፖስታ ስትልክ አራት አሻንጉሊት በ1978 ይመጣልሃል። እዚህ ቢሆን ባለሱቁ ይደበደብ ነበር። ዛሬ ያ ካርቶን ራሱ ይፈለጋል። የሌላውም መጫወቻ ሳጥን እንደዚያው ነው፦ ልጆች ቀደው ይጥሉት ስለነበር ከውስጡ ዕቃ ይልቅ እሱ ይጠፋል። እናትህ ክርና መርፌ ያስቀመጠችበትን ካርቶን ፈትሽ።

የኔ ሮቦት ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ተብሎ አየሁት። ሀብታም ሆንኩ?

የተጠየቀበትን ነው ያየኸው። የተሸጠበትን ፈልግ፤ እሱ ሌላ ነው።

ያን የአክስትህን ሮቦት በስንት ትሸጥልኛለህ?

እሷን ጠይቃት። አሁንም ብፌው ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እሷ አንገት ላይ።