ልጅ ነው ተብሎ ይግባኝ አይተውም

እህቴ፣ የ14 ዓመት ወንድምሽ በስርቆት ጥፋተኛ ተብሎ ማረሚያ ይግባ መባሉን ጽፈሻል። «ይግባኝ ብንል ዳኛውን እናስቆጣ ይሆን?» ብለሽም ጠይቀሻል። ለዓመታት ለልጆች ስቆም ከቆየሁበት የጥብቅና ሥራ የማውቀውን ልንገርሽ።

ይግባኝ ማለት ዳኛን መድፈር አይደለም፣ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንቀጽ 40 የሕግ እርዳታንም፣ ውሳኔው በበላይ አካል መታየቱንም ለተከሰሰ ልጅ ያረጋግጣል። ተገዶ ጥፋቱን እንዳያምንም ይከለክላል።

ግን ይግባኝ ክርክሩን እንደ አዲስ መጀመር አይደለም። የበላይ ዳኞች በዋናነት የሚያዩት መዝገቡን ነው። ጠበቃው በጊዜው ተቃውሞ ካላስመዘገበ፣ ኋላ ላይ መጮኹ ብዙም አይረዳም። መዝገብ ከሌለ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ይህን እዪ። አሜሪካ ውስጥ የ15 ዓመቱ ጄራልድ ጎልት እ.ኤ.አ. በ1964 አሳፋሪ ስልክ ደውለሃል ተብሎ ያለ ጠበቃ ቀረበ። ከሳሿ ጎረቤት ችሎት አልመጣችም፣ የተባለውንም የጻፈ የለም። በኋላ ልጁ ምን አምኖ እንደነበር ዳኛውና ወላጆቹ አልተስማሙም። እስከ 21 ዓመቱ እንዲያዝ ተወሰነበት። በዚያው ጥፋት አዋቂ ቢሆን ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም ሁለት ወር እስር ነበር! የአሪዞና ሕግ ለልጆች ይግባኝ ስላልፈቀደ ቤተሰቡ አካልን ነፃ በማውጣት አቤቱታ (ያለ አግባብ ተይዟልና ይለቀቅ በሚል ጥያቄ) ዞሮ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 አሸነፉ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የፍርዱንና የመዝገቡን ግልባጭ ጠይቂ። የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው፣ ካለፈ ማስፈቀዱ መከራ ነው። ጠበቃው የአፈጻጸም እግድም ይጠይቅ፤ ይግባኙ እስኪታይ ፍርዱ እንዳይፈጸም ማለት ነው። አለበለዚያ ይግባኙ ሳይታይ ልጁ ጊዜውን ጨርሶ ሊወጣ ይችላል።

ማስረጃው ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኝነቱ ላይ ብቻ ሙጭጭ አትበሉ። ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ፣ ለአጭር ጊዜም መሆን እንዳለበት የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 37 ይናገራል። ቤተሰብ ጋር ሆኖ ትምህርቱን እየተማረ ክትትል ቢደረግበት ለምን እንደማይበቃ ውሳኔው ካላብራራ ጥሩ የይግባኝ ነጥብ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጠበቃው የወንድምሽ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ለብቻቸው ይነጋገሩ፤ ቤተሰብ ፊት የማይወጣ ስንት ነገር አለ መሰለሽ።

እስቲ ይህን ንገሪኝ፦ ፖሊስ ቃሉን ሲቀበለው አጠገቡ ማን ነበር?