ኤ ዋን ሲ፣ ዳኦኒል፣ ዩኒት፦ የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ ናቸው። ቁጥርና ስም መምታታት ሰው የሚጎዳበት ጉዳይ ስለሆነ መልሱን ዘርዘር አድርገናል።

ጥያቄ፦ ሜትፎርሚን 500 በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ። የላቦራቶሪ ወረቀቴ «ኤፍ ቢ ኤስ 118፣ ኤ ዋን ሲ 6.9» ይላል። ወንድሜ ከእንግሊዝ የላከልኝ መለኪያ ደግሞ በዚያው ጠዋት 6.5 አለ። የትኛውን ልመን? *(ከማራኪ)*

መልስ፦ ሦስቱንም። ኤፍ ቢ ኤስ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ የሚለካ ስኳር ነው፤ እኛ ዘንድ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጻፋል። የእንግሊዙ መለኪያ በሚሊሞል በሊትር ይቆጥራል፤ 6.5ን በ18 ቢያባዙት 117 ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ውጤት ናቸው።

ኤ ዋን ሲ ግን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ በመቶኛ ያሳያል። 6.9 በመቶ ሲባል አማካይ ስኳርዎ 151 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ጠዋት 118 ከሆነ፣ ምናልባት ከምግብ በኋላ ከፍ ይላል፤ ምሳ መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ እየለኩ ይመዝግቡ። ለአብዛኛው አዋቂ ታካሚ የኤ ዋን ሲ ግቡ ከ7 በታች ስለሆነ ጥሩ ላይ ነዎት። በቅርቡ ወባ ታመው፣ ብዙ ደም ፈስሶዎት ወይም ደም ተሰጥቶዎት ከሆነ ግን ኤ ዋን ሲ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ በዐቢይ ጾም ጠዋት ዳኦኒሏን ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ባለፈው አልቧት ስትንቀጠቀጥ አገኘናት። ሜትፎርሚን የምትወስደው ጎረቤታችን ግን ምንም አትሆንም። *(ከአዘዞ)*

መልስ፦ ዳኦኒል የግሊቤንክላማይድ የንግድ ስም ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል፤ ሰውየው በላ አልበላ አይለይም። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ስለሚቀንስ፣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ስኳር ከ70 በታች ሲሆን ሐኪሞች «ሃይፖግላይሴሚያ» ይሉታል፤ ከ54 በታች ከባድ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የንግግር መዘባረቅ ካዩ መጀመሪያ ልለካ ብለው አይዘግዩ። አራት ጠፍጣፋ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ፤ ከዚያ ምግብ ይስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይስጡ፣ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ እስከ አንድ ቀን ስለሚሠራ፣ ተሻላቸው ብለው ብቻቸውን ትተዋቸው አይሂዱ፤ በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳዩዋቸው። ጾም ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ መጠኑና ሰዓቱ በሐኪም መስተካከል አለበት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ስለማታስገድድ የንስሐ አባታቸውም ይምከሯቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ «ሴማግሉታይድ» የሚል ብልቃጥና የኢንሱሊን ሲሪንጅ በሰው ልካልኛለች። «በ0.25 ጀምሪ» አለችኝ፤ ሲሪንጁ ላይ ግን 10፣ 20፣ 30 ነው ያለው። 25 ላይ ልሳበው? ኦዘምፒክ የሚባለውስ ይኸው ነው? *(ስሜ ይቆይ፣ ከፒያሳ)*

መልስ፦ እባክዎ 25 ላይ እንዳይስቡ። 0.25 የተባለው ሚሊግራም ነው፤ የመድኃኒቱ ክብደት ማለት ነው። ሲሪንጁ ላይ ያለው ዩኒት ደግሞ የፈሳሹ ልክ ሲሆን፣ 100 ዩኒት አንድ ሚሊሊትር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ ነው። «5 ሚሊግራም በሚሊሊትር» ካለ 0.25 ሚሊግራም የሚሆነው 5 ዩኒት ብቻ ነው። 25 ላይ ከሳቡ 1.25 ሚሊግራም፣ ማለትም አምስት እጥፍ ይወጋሉ። «2.5» ካለ ደግሞ ልኩ 10 ዩኒት ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ስሕተት ነበር፤ ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወጉ ሰዎች ነበሩ። የሚከተለው ማቅለሽለሽና ማቋረጫ የሌለው ትውከት ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣም ለቀናት ይቆያል።

ስሞቹን በተመለከተ፦ ሴማግሉታይድ መድኃኒቱ ራሱ ነው። ኦዘምፒክ ለዓይነት 2 ስኳር፣ ዊጎቪ ለክብደት የወጡ የንግድ ስሞቹ ናቸው፤ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ ያንኑ መደራረብ ነው። መርፌዎቹ በሳምንት አንዴ ይወጋሉ፤ 0.25 ለአራት ሳምንት ማለማመጃ ነው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሙንጃሮ ግን ቲርዜፓታይድ የተባለ ሌላ መድኃኒት ነው፤ መነሻው 2.5 ሚሊግራም ስለሆነ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አይጠቀሙ።

«ጂ ኤል ፒ ዋን» ሲባል የሚሰሙት ከምግብ በኋላ አንጀት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እሱን ተመስለው ይሠራሉ፦ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋሉ፣ ስኳር ከፍ ሲል ኢንሱሊን ይጨምራሉ።

ከፋብሪካ የሚወጡት የኦዘምፒክና የዊጎቪ መርፌዎች ብዕር በሚመስል መወጊያ የተሞሉ ናቸው። በብልቃጥ የመጣው ፋርማሲ ቀምሞ ያዘጋጀው ወይም ምንጩ የማይታወቅ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ የሚገባው መድኃኒት በሻንጣ እንዴት እንደመጣም አይታወቅም። የእህትዎን ፍቅር እንረዳለን፤ ይህን ብልቃጥ ግን አይወጉት፣ ይዘውት የስኳር ክትትል ክሊኒክ ይሂዱ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ለማርገዝ ካሰቡ፣ የቆሽት ብግነት ኖሮብዎት ከሆነ፣ በቤተሰብዎ ሜዱላሪ የሚባል የታይሮይድ ካንሰር ካለ፣ ዳኦኒል ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፣ ገበሬ ነው፣ በጣም ቀጭን ነው፤ ስኳር አለበት። «ዓይነት 5» የሚባል አለ ሲሉ ሰማን። የቀጭን ሰው ስኳር አለ እንዴ? *(ከዳባት)*

መልስ፦ አለ። በምግብ እጥረት ካደጉ ቀጫጭን ወጣቶች ጋር የተያያዘው የስኳር ዓይነት በጎንደር ገጠር ለረጅም ጊዜ ሲጠና የቆየ ነው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። የወንድምዎን ዓይነት ሐኪም ነው የሚለየው። እስከዚያው ኢንሱሊን ከታዘዘለት አንድ ቀንም አያቋርጥ፤ «የስኳር መርፌ ነው» ተብሎ የክብደት መቀነሻው ቢቀርብለትም እንዳይወስድ። ትውከት፣ የሆድ ሕመም ወይም በፍጥነት መተንፈስ ካሳየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት።