መሃሏ ላይ ያለችው ክብ ኒውክለስ አይደለችም

ጥያቄ፦ የእንጀራ እርሾ በማይክሮስኮፕ ባሳያቸው ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ «ባክቴሪያ ነው» ሲሉ ሌሎቹ «መሃሉ ላይ ክብ ኒውክለስ አለው፤ ፈንገስ ነው» አሉ። የትኛው ስፍን (የሕያዋን ትልቅ ምድብ) ውስጥ ልመድበው?
የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች አልተሳሳቱም። ሊጡ ላይ የሚጠልለው ቢጫማ ውሃ የብዙ ሕያዋን መኖሪያ ስለሆነ አንድ ስፍን አይበቃውም። ለዳቦ በፓኬት የሚሸጠውንም «እርሾ» ስለምንለው ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም፤ የፓኬቱ ግን ፈንገስ ብቻ ነው።

በእንጀራው እርሾ ውስጥ ያሉት አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች ፕሮካርዮቲክ ናቸው፤ ዲኤንኤያቸውን የሚሸፍን ገለፈት የላቸውም። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሮበርት ዊተከር በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሕያዋንን ከመደበባቸው አምስት ስፍኖች ሞኔራ ውስጥ ይገባሉ። (ዛሬ ሞኔራ ባክቴሪያና አርኪያ ተብሎ ተከፍሏል።) የፈንገሱ ሕዋስ ግን ባለ ኒውክለስ፣ ማለትም ዩካርዮቲክ ነው። እዚህ ላይ ተማሪ «ባለ አንድ ሕዋስ ከሆነ ለምን ፕሮቲስታ (ባብዛኛው ባለ አንድ ሕዋስ ዩካርዮቲኮች የሚመደቡበት ስፍን) አይባልም?» ማለቱ አይቀርም። የሕዋስ ግድግዳው ካይቲን የሚባል ጠንካራ ቁስ አለበት፤ ምግቡንም ከውጭ እየመጠጠ ይወስዳል። ስፍኑን የወሰኑት እነዚህ ናቸው።

ተማሪዎችዎ መልሱን ቢያገኙትም ማስረጃቸው አያስኬድም። ያዩት ክብ ቫክዩል፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው። የፈንገሱ ኒውክለስ ያለ ልዩ ቀለም በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይለይም። ይልቅ መጠኑን ያስተውሉ፦ ፈንገሱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ የባክቴሪያው ስፋት 1 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ከጎኑ እምቡጥ የመሰለ ትንሽ ሕዋስ ካበቀለ ደግሞ ፈንገስ ለመሆኑ አይጠራጠሩ።

ለሚቀጥለው ሙከራ 1 ጠብታ እርሾ በ10 ጠብታ ውሃ ያቅጥኑ፤ ካልቀጠነ ተደራርቦ ምንም አይለይም። መሸፈኛውን መስታወት በአንድ ጎኑ አስነክተው ቀስ ብለው ያስተኙት፤ ዝም ብሎ ከተጣለ የአየር አረፋ ይገባና ተማሪው አረፋውን ሕዋስ ብሎ ይስላል። በ10 ሌንስ ፈልገው ወደ 40 ይለፉ። በዚህ (40 በዓይን ሌንሱ 10 ሲባዛ) በ400 እጥፍ ባክቴሪያው ደቃቅ ነጥብ ወይም ጭረት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የጤፍ ስታርች ነው፤ ቅንጣቱ ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ከፈንገሱ ጋር ይምታታል። በመሸፈኛው ጠርዝ 1 ጠብታ አዮዲን ያስገቡ፦ ስታርቹ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ሲለወጥ ፈንገሱ ቢጫማ ሆኖ ይቀራል።