በአረጋውያን መንከባከቢያ ፍተሻ ስለሚገኙ የእንክብካቤ ዕቅድ ጉድለቶች፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ለዓመታት በነርስነት ሠርቼ ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ፣ ልጆቻቸው በዚሁ ሥራ የተሰማሩ የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በመንከባከቢያዎቹ ስለሚያደርጉት ፍተሻ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ሲስተር፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ከሐኪም ትእዛዝ በምን ይለያል?

የሐኪሙ ትእዛዝ ሕክምናውን ይናገራል፤ ዕቅዱ ግን አረጋዊውን ማን፣ መቼና እንዴት እንደሚረዳቸው ይዘረዝራል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት አረጋዊው በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ የመነሻ ዕቅድ ይዘጋጅላቸዋል፤ አጠቃላይ ምዘናው በ14 ቀን ውስጥ ያልቃል፤ ምዘናው ባለቀ በ7 ቀን ውስጥ ደግሞ ሙሉው ዕቅድ ይጻፋል።

ከመሐል ሜዳ፦ ተቆጣጣሪዎች ምን ዓይነት ጉድለት ያገኛሉ?

እኔ ደጋግሜ ያየሁት፣ ዕቅዱ ተጽፎ ሳለ የሰውየው ሁኔታ ተለውጦ ወረቀቱ እንደነበረ መቅረቱን ነው። በሠራሁበት ቤት አንዲት እናት በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ወድቀው ሳለ፣ ዕቅዳቸው «በምርኩዝ ብቻቸውን ይራመዳሉ» እንዳለ ነበር። ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ ዕቅዱን አነበበች፤ ቀጥላ እናቲቱ ሲነሡ ቆማ ተመለከተች፤ በመጨረሻም ረዳት ነርሷን «እኚህን እናት የምትረጃቸው እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ልጅቷ ግን ዕቅዱን አይታው አታውቅም። ደንቡ ረዳት ነርስ ዕቅዱን በሚያዘጋጀው ቡድን ውስጥ እንድትኖር የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአረጋዊው ጋር ውላ የምታድረው እርሷ ናትና። ሌላው ጉድለት ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው፤ የስኳር ሕመም የሌለባቸው አባት በስኳር ሕመምተኛ ዕቅድ ሲተዳደሩ አጋጥሞኛል።

ከአንኮበር፦ እናቴ አሜሪካ ወንድሜ ዘንድ ሄደው እዚያ መንከባከቢያ ገብተዋል። አማርኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፣ ጾምም አያፈርሱም። ይህ በዕቅዱ ይገባል?

መግባት አለበት፤ እናትዎ፣ እርሳቸው ከፈቀዱም ወንድምዎ፣ በዕቅዱ ዝግጅት የመሳተፍ መብት አላቸው። «ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን ወጥ ቤቱ በዐቢይ ጾም ቅቤ የገባበት ምግብ ያቀርባል፤ እናትዎ አይነኩትም፤ በመዝገቡም «ምግብ አልወሰዱም» ይባላል። በአንድ ወር ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ ከባድ መቀነስ ተብሎ ስለሚታይ፣ በሥጋና በወተት ፈንታ ምን ዓይነት ባቄላ፣ ምስር ወይም ሽምብራ እንደሚቀርብላቸው፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙና መድኃኒታቸው መቼ እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍ። አስተርጓሚው ማን እንደሆነም እንዲሁ። ሕመም ካለባቸው ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ወንድምዎ ቢረዳቸው መልካም ነው።

ከሞላሌ፦ ስለ አልጋ ቁስልስ?

ዕቅዱ «በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ» ይላል፤ ተቆጣጣሪው ግን ረፋዱን ሙሉ በአንድ ጎን ተኝተው ያገኛቸዋል። ደግሞም 2 ሰዓት ለሁሉም አይሠራም፤ እንደ ቆዳቸውና እንደ ፍራሹ ሁኔታ ይወሰናል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጉድለት ከተገኘ በኋላ ምን ይደረጋል?

ቤቱ የማረሚያ ዕቅድ ያቀርባል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ቅጣት ወይም መንግሥት ለቤቱ የሚሰጠው ክፍያ መቋረጥ ይከተላል። የፍተሻው ውጤት ነዋሪዎችና ቤተሰብ ሊያነቡት በሚችሉበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ እዚያ ያለ ዘመድ ካለዎት አንብብ ይበሉት።

ከደብረ ብርሃን፦ አባታችንን ሦስት ወንድማማቾች በየተራ ቤት ውስጥ እንጦራለን። ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?

አንድ ደብተር ይበቃችኋል። ተረካቢው ከአስረካቢው በቃል ብቻ አይቀበል፤ የበሉትና ያልበሉት፣ የወሰዱት መድኃኒት፣ የታየ ቁስል ይጻፍ። በእኛ ከተማ ብርድ ሌሊት አባቶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ይደናቀፋሉና፣ ሌሊት ማን እንደሚያደርሳቸውም ይወሰን። ከወደቁ ደግሞ በዚያው ቀን ጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምትለውጡም ከሥሩ አክሉበት።