ስድስት ከስድስት

ልጄ ሆይ፣

ባለፈው እሑድ ከቁስቋም ስንወርድ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ተለያየን። «በልዩ ፍላጎት ክፍል የሚማር አንድ ልጅ በሒሳብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጎበዞቹ ወደተመረጡበት ክፍል እንዲገባ ልከራከርለት ወይስ ልጁን ማስጨነቅ ይሆንብኛል?» ነበር ያልሽው። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም ዝም ያልኩት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ጎንደር ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍልም እገባለሁ። እዚያ ሲወለድ በደረሰበት ጉዳት እጆቹ የማይታዘዙለት፣ ንግግሩንም ከእናቱ በቀር ብዙ ሰው የማይረዳው አንድ ልጅ ነበር። እርሳሱን በቀኝ እጁ ጨብጦ ግራ እጁን አንጓው ላይ ይጭናል፤ አንድ ክፍልፋይ ለመጻፍ ደቂቃዎች ይፈጁበታል። እኔ ግን ጥያቄውን በጠመኔ ጽፌ ሳልጨርስ ጠረጴዛውን ይመታል። ከዚያ የእንጨት ማስመሪያውን ስቦ መጀመሪያ የአሥር ቤቱን፣ ቀጥሎ የአንድ ቤቱን በጣቱ ያሳየኛል። ሰባት፣ ሦስት፤ ሰባ ሦስት ማለቱ ነው። ዘዴውን ያስተማረው የለም፤ ራሱ ነው ያበጀው።

እናቱ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ነጠላዋን አደግድጋ በር ላይ ጠበቀችኝና «መምህር፣ ለስምንተኛ ክፍል ጎበዞቹን ስትመርጡ የእኔንም ልጅ አደራ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

መምረጫው ፈተና ሃያ ጥያቄ ነበር፤ የተሰጠው ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ። በመምህራን ጉባኤ ላይ ውጤት ሲነበብ የእሱ ሠላሳ ከመቶ ሆነ፤ ማንም ክፉ አልተናገረም፣ ወደሚቀጥለው ስም ታለፈ። ወረቀቱን ያረምኩት እኔ ነበርኩ። ስድስት ጥያቄ ሠርቷል፤ ስድስቱንም አግኝቷል። አሥራ አራቱ ባዶ ነበሩ። ከተመረጡት ልጆች መካከል ከነካው ጥያቄ አንዱንም ያልሳተ አልነበረም። እጄን አንሥቼ ይህንኑ መናገር ይበቃ ነበር። አላነሣሁም። መሽቷል፣ ርእሰ መምህሩ ቸኩለዋል፤ እኔም «እዚያ ገብቶ ቢወድቅ ቅስሙ ይሰበራል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አባቴ በልጅነቴ በዓታ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ አስታውሳለሁ፤ ደቀ መዛሙርቱ በአንድ ድምፅ ሲያዜሙ ያጎደለውን ለይተው በስሙ ጠርተው ያርሙት ነበር። ትምህርቱ በቃል ነውና የዓይናቸው መጥፋት ከከፍተኛው ማዕረግ አላስቀራቸውም። ይህን እያየሁ አድጌ በእርሳስ ፍጥነት ልጅ ስመዝን ያ መሪጌታ ትዝ አላሉኝም።

ስለዚህ ተከራከሪለት። ልጁን ውደጂው፣ ወላጁን አክብሪ ብዬ አልመክርሽም፤ ይህን ታውቂዋለሽ። ነገር ግን መቀመጫ ብቻ አትጠይቂ። ጊዜ ይጨመርለት፣ መልሱን የሚጽፍለት ሰው ይመደብለት በይ። «ወደዚያ ክፍል ከገባ ድጋፉ ይቀርበታል» ካሉሽ እሺ አትበይ፤ ድጋፉ የተሰጠው ለልጁ እንጂ ለክፍሉ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችንም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አንሥቶ እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው ይማሩ ይል ነበር። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን እንደሚችል ግን እኛ አላሰብንም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ትምህርት የሚናገረውን አንቀጽ 24 አንብቢና ሂጂ፣ እኔ ያልነበረኝ ማስረጃ በእጅሽ ነው።

የእናንተ ትውልድ በስልክ ሲከራከር ያድራል፤ ጉባኤ ላይ ግን እንደ እኛው አንገቱን ይደፋል። እንዲህ ብልም ጥያቄውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።

ያ የእኔ ተማሪ ስምንተኛን ጀምሮ በጥር አቋረጠ። ዛሬ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ በርበሬ ይሸጣል። ሚዛኑ ሳይረጋ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ስልኩን ስቦ ቁጥሩን በአንድ ጣት ጽፎ ለገዢው ያሳያል። ስልኩ አያሰላለትም፣ እሱ ያሰላውን ነው የሚጽፍበት። እናቱ ዛሬም «መምህር» ብላ ከመቀመጫዋ ትነሣልኛለች፤ ቃሌን አንሥታብኝ አታውቅም።

የጉባኤያችሁ ቀን ሲቆረጥ ንገሪኝ። ከዚያ በፊት ግን የተማሪሽን የፈተና ወረቀት አውጥተሽ ስንቱን እንደሠራ፣ ከሠራውም ስንቱን እንዳገኘ ቁጠሪ።