የጓደኛን ቤት አይቶ በጓደኛ ላይ መፍረድ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤቴን በንጽሕና መያዝ እወዳለሁ። ለብዙ ዓመታት የማውቃት፣ አብረን የምናስቀድስ አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ያልታጠበ ዕቃ፣ የተከመረ ልብስ፣ ያልተጠረገ ወለል አያለሁ። አፌ ባይናገርም ልቤ «ሰነፍ ናት፣ ለራሷም ክብር የላትም» ይላል። በቅርቡ ደግሞ ይህንኑ ለሌላ ጓደኛችን ነገርኳትና አብረን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስቆም ልቤ ይከሰኛል። እኔ ራሴ እንግዳ ይመጣል ከተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ሳጸዳ እቆያለሁ፤ ሳይነግረኝ የመጣ ሰው በሩን ሲያንኳኳም ቤት የሌለሁ መስዬ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች አሉ። ንጽሕናን መውደዴ ኃጢአት ነውን? ለጓደኛዬስ ስለ ቤቷ ልንገራት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ልብሽ በጸሎት ጊዜ ስለ ከሰሰሽ እግዚአብሔርን አመስግኚ። ሕሊናዋ የሚወቅሳት ነፍስ ገና አልደነዘዘችምና።

ንጽሕናን መውደድሽ ኃጢአት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤል ሰፈራቸውን ከርኵሰት እንዲጠብቁ ሲታዘዙ የተሰጣቸው ምክንያት እግዚአብሔር በሰፈራቸው መካከል የሚመላለስ መሆኑ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ድሪም የተባለ ገንዘብ የጠፋባት ሴትም መብራት አብርታ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ እስክታገኘው ድረስ ተግታ ትፈልጋለች፤ ጌታችንም ይህን ትጋት የጠፋውን ሰው ለሚፈልገው ለራሱ ፍቅር ምሳሌ አድርጎታል። ስለዚህ በንጽሕናሽ ጽኚ። የምትጠይቂው ስለ ንጽሕና ቢመስልም ልብሽን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው።

አባቶቻችን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በሐሳብ፣ በንግግርና በሥራ እንደሚፈጸም ያስተምራሉ። የአንቺ ነገር በሐልዮ ጀምሮ ወደ ነቢብ ተሻግሯል። የተሻገረበትን ቦታ ለይተሽ እንድታዪው እወዳለሁ። «ዕቃው አልታጠበም» ማለት ዓይንሽ ያየው ነገር ነው፤ በዚህ ማንም አይጠየቅም፣ ዓይን የተፈጠረው ሊያይ ነውና። «ሰነፍ ናት» ማለት ግን ዓይንሽ ያላየው ነገር ነው። ስንፍናን አላየሽም፤ ያየሽው ዕቃ ነው። ከዕቃው ተነሥተሽ ወደ ጓደኛሽ ልብ የደረስሽበት መንገድ ሁሉ የራስሽ ግምት ነው፣ ግምትሽም በልብሽ ውስጥ እንደ ምስክር ቃል ተቆጥሮ ፍርድ ተሰጥቶበታል። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ በተላከ ጊዜ እግዚአብሔር «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» ብሎ ነቢዩን ያረመው በመልክና በቁመት ልብን ሊገምት ስለ ነበረ ነው። ነቢይ የተሳሳተበትን እኛ ከወለልና ከግድግዳ ተነሥተን እናውቀዋለን ማለት አስፈሪ ድፍረት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙዎቻችን በችኮላ የምናልፈው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው አንድ የኦሪት ክፍል አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 የለምጽ ምልክት ስለሚታይበት ቤት ሥርዓት ተሠርቷል። ካህኑ የሰው ቤት ንጹሕ ነው ወይም ርኩስ ነው ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ተሰጥቶታል። ነገር ግን ይህ ሥልጣን ያለው ካህን እንዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። በመጀመሪያ ካህኑ ቤት ለቤት እየዞረ ምልክት አይፈልግም፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ «ደዌ የሚመስል በቤቴ ታየኝ» ብሎ ይነግረዋል። ቀጥሎም ካህኑ ከመግባቱ በፊት በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ይህም በውስጡ ያለው ሁሉ ርኩስ ተብሎ እንዳይቆጠር ነው። ሊፈርድ የሚሄደው ሰው ባለቤቱ ብዙ እንዳይጎዳበት አስቀድሞ ይጠነቀቅለታል። ከገባም በኋላ ምልክቱን አይቶ ወዲያው አይፈርድም፣ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ይቆያል፣ ተመልሶም ያያል። ነገሩ ሥር ሰዶ ካልተስፋፋ ቤቱ ይድናል። እንግዲህ እህቴ፣ ሥልጣን ያለው ዳኛ ተጠርቶ ሄደ፣ ለባለቤቱ ራራ፣ ሰባት ቀንም ታገሠ፤ አንቺ ግን ሥልጣን ሳይሰጥሽ፣ ጓደኛሽ ለፍርድ ሳትጠራሽ፣ ከደጁ ሳታልፊ ፍርዱን ጨረስሽ። ጓደኛሽ በሯን የከፈተችው ለእንግዳ ነበር። ያልተስተካከለ ቤቷን ሳታፍር ለአንቺ መክፈቷ ምናልባት ከወዳጆቿ ሁሉ ይልቅ አንቺን ስለምታምንሽ ይሆናል።

«ምክንያት ይኖራት ይሆናል» ብሎ ማሰብ ጥሩ ጅማሬ ነው። ሰው በሕመም ይደክማል፣ በኀዘን ክንዱ ይዝላል፣ ሌሊቱን ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ሲያስታምም ያድርና ቀኑን ለሥራ ጉልበት ያጣል። የልብ ጭንቀት የበረታበት ሰው ደግሞ ከአልጋው መነሣት ራሱ ተራራ መውጣት ይሆንበታል፤ ይህንንም ለማንም የማይናገሩ ብዙዎች ናቸው። የኢዮብ ወዳጆች ወዳጃቸውን በአመድ ላይ ተቀምጦ ባገኙት ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በመሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሕመሙ እጅግ ታላቅ እንደ ሆነ አይተዋልና ቃል የተናገረው አልነበረም። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። እግዚአብሔር የተቈጣቸው አፋቸውን ከፍተው በአመድ ላይ ያዩትን ሰው ኃጢአት መቍጠር ከጀመሩ በኋላ ነው።

ነገር ግን በዚህ ማብቃት አልፈልግም፣ ምክንያቱም «ምክንያት ባይኖራትስ?» ብለሽ በልብሽ እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ። ጤነኛ ብትሆን፣ ጊዜም ቢኖራት፣ በእውነትም ስለ ቤቷ የማትጨነቅ ሴት ብትሆንስ? ያን ጊዜም ቢሆን መልሱ አይለወጥም። ምሕረታችን የሚገኘው ሰበብ ላለው ሰው ብቻ ከሆነ ያ ምሕረት ሳይሆን ሌላ ዓይነት ፍርድ ነው፤ ማስረጃውን መርምረን በነጻ እንዳሰናበትነው ዓይነት። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ? እርሱ ቢቆም ወይም ቢወድቅ ለገዛ ጌታው ነው» ሲል ሎሌው ትጉህ ነው ወይስ ሰነፍ ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው ሎሌው የማን ነው ብሎ ነው። ጓደኛሽ የአንቺ ሎሌ አይደለችም።

ደግሞም ንጽሕና የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ለወለሉም ለነፍስም ስለሚነገር ሳናስተውል አንዱን በሌላው እንለካለን። አባቶች ስለ ቅዱሳን መዓርጋት ሲያስተምሩ ንጽሐ ሥጋን፣ ንጽሐ ነፍስንና ንጽሐ ልቡናን ይቈጥራሉ፤ ንጽሐ ቤት የሚባል መዓርግ ግን አልቈጠሩም። በንጽሐ ነፍስ ከሚገኙት መዓርጋት አንዱ ፍቅር ሲሆን፣ እርሱም ኃጥእ ጻድቅ ሳይሉ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ ማየት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ወለልሽ ቢያበራና ጓደኛሽን አስተካክለሽ ማየት ቢያቅትሽ፣ ሊጸዳ የሚገባው ክፍል የት እንዳለ አንቺው ታውቂዋለሽ።

የማርታንም ነገር እንይ። ብዙ ጊዜ ማርታ በሥራዋ እንደ ተወቀሰች ሆኖ ይነገራል፣ እኔ ግን እንዲህ ተደርጎ ሲነገር ያሳዝነኛል። ጌታን በቤቷ የተቀበለችው እርሷ ናት፤ ቤቱን ያዘጋጀችው፣ ያገለገለችውም እርሷ ናት። ተግሣጹ የመጣው ከአገልግሎቷ ቀና ብላ እህቷን ከተመለከተች በኋላ፣ «እህቴ እንዳገለግል ብቻዬን ስትተወኝ አይገድህምን?» ባለች ጊዜ ነው። ለፍቅር የጀመረችው ሥራ በዚያች ቅጽበት የእህቷ መለኪያ ሆነ። አንቺም ቤትሽን ስታጸጂ ከማርታ ጋር ነሽ፣ መልካምም አድርገሻል። መጥረጊያሽን የጓደኛሽ መለኪያ ስታደርጊው ግን የጌታ ቃል ለአንቺም ይደርስሻል፦ «በብዙ ትጨነቂያለሽ ትታወኪማለሽ።»

ስለ ራስሽ የጻፍሽው ነገር ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነክቶታል። እንግዳ ይመጣል ሲባል እስከ እኩለ ሌሊት እንደምትደክሚ፣ ሳይታሰብ የመጣ ሰው በርሽን ሲያንኳኳም የሌለሽ መስለሽ ዝም እንደምትዪ ነግረሽኛል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «በምትሰፍሩበትም መስፈሪያ ይሰፈርባችኋል» ያለውን ብዙዎች ለመጨረሻው ቀን ብቻ የተነገረ አድርገው ይሰሙታል። በአንቺ ላይ ግን መስፈሪያው ዛሬም እየተሰፈረብሽ ነው። ሰዎች አንቺ በጓደኛሽ ላይ እንደምትፈርጂው ይፈርዱብኛል ብለሽ ስለምታስቢ በገዛ ቤትሽ ተደብቀሽ ትቀመጫለሽ። የአንቺ ቤት የተዘጋው፣ የእርሷ ቤት የተከፈተው ለዚህ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ከዚህ ጭንቀት እንድታርፊ ከልቤ ስለምመኝ ነው። በጓደኛሽ ላይ መፍረድሽን ስትተዪ መጀመሪያ የምታርፊው አንቺ ነሽ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በበረሓ ይኖሩ ስለ ነበሩት የጥንት መነኮሳት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ አባት ወደ ወንድሙ በዓት፣ ማለትም ወደ መነኮሰው ወንድሙ ማደሪያ ገብቶ ሁሉ ነገር ሳይጠረግ ተዝረክርኮ ሲያገኘው «ይህ ወንድም ብፁዕ ነው፣ ሐሳቡ በሰማይ ስለ ሆነ በዓቱን ለመጥረግ እንኳ ጊዜ አላገኘም» ይላል። ወደ ሌላው ገብቶ የተጠረገና የተስተካከለ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ «እንደ በዓቱ ንጽሕና ነፍሱም ንጽሕት ናት» ይላል። የሁለቱም በዓት ለየቅል ነበር፤ እርሱ ግን ከሁለቱም ተጠቅሞ ወጣ። ይህን ልማድ ጀምሪ። ወደ ጓደኛሽ ቤት ስትገቢ ፍርዱ በልብሽ መነሣቱን ወዲያው ማስቀረት አትችዪ ይሆናል፤ በተነሣ ጊዜ ግን በውስጧ ያለውን አንድ መልካም ነገር አስቢ፣ ስሟንም ጠርተሽ ጸልዪላት።

የተናገርሽውን በሚመለከት፣ ሐሜቱን ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ፤ አብራሽ ለሳቀችውም ጓደኛሽ «ስለ እርሷ የተናገርኩት ትክክል አልነበረም፣ በድያታለሁ» በያት። ይህ ቀላል አይደለም፣ ነገር ግን ቃሉን የዘራሽው በዚያ ስለ ሆነ መንቀል ያለብሽም ከዚያ ነው። ወደ ተነገረባት ጓደኛሽ ሄደሽ «አምቼሽ ነበር» ማለትን ግን፣ እርሷ ነገሩን ካልሰማች፣ አልመክርሽም። ያን ብታደርጊ አንቺ ሸክምሽን አራግፈሽ እርሷን በማታውቀው ቁስል ታቆስያታለሽ፤ በሯንም ለአንቺና ለሌሎች እንድትዘጋ ታደርጊያታለሽ። ሰምታ ከሆነ ግን ሳትዘገዪ ይቅርታ ጠይቂ፣ ምክንያትም አትደርድሪ።

ስለ ቤቷ ልንገራት ወይ ለሚለው፣ ባልጠየቀችሽ ጊዜ አትንገሪያት። የተዝረከረከ ቤት ያለው ሰው ቤቱ መዝረክረኩን ያውቃል፤ አዲስ ነገር አትነግሪያትም፣ የምትጨምሪባት ኀፍረት ብቻ ነው። ከዚህ የምለየው አንድ ጉዳይ አለ። በቤቱ ያሉ ሕፃናት ወይም ሕሙማን ለበሽታ የሚጋለጡበት ደረጃ ደርሶ ብታዪ፣ ወይም ከዚህ ቀደም ቤቷን በደንብ ትይዝ የነበረች ሴት በድንገት ሁሉን ነገር ትታው ብታገኚ፣ ዝምታሽ ፍቅር አይሆንም። ያን ጊዜም ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ እርሷ ጠይቂ፦ «እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ደክሞሽ እንደ ሆነ አያለሁ፤ ምን ላግዝሽ?» ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ወንድምን በየውሃት፣ ማለትም በገርነት መንፈስ ማቅናትን ካዘዘ በኋላ ወዲያው የሌላውን ሸክም መሸከምን የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። እጅጌሽን ሰብስበሽ አብረሻት ልታጥቢ ካልተዘጋጀሽ ስለ ዕቃው አንድም ቃል አትናገሪ። ካገዝሻትም በኋላ ያገዝሽውን ለማንም አታውሪ።

በሚመጣው እሑድ ለማስቀደስ ስትቆሚ፣ ከመቍረብ በፊት የሚጸለየውን ጸሎት በማስተዋል ስሚ። የመቶ አለቃው «ጌታ ሆይ፥ በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም» ብሎ ነበር፤ እኛ በቅዳሴያችን የምንጸልየው ደግሞ ከረከሰችው ቤቴ ጣራ በታች ትገባ ዘንድ አይገባም እያልን ነው። ካህኑም፣ አንቺም፣ ጓደኛሽም ይህን አንድ ቃል ይዛችሁ ወደ አንድ ማዕድ ትቀርባላችሁ፤ እርሱም የቤታችንን ሁኔታ እያወቀ ይገባል። ከቅዳሴው በኋላ ጓደኛሽን ፈልጊያትና አስቀድመሽ ሳታጸጂ፣ ሳትዘጋጂም፣ ቤትሽ እንዳለ ሆኖ ሳለ ይዘሻት ሂጂ።