«ሕዝባዊ» ወይስ «ሕዝበኛ»? «ባላገር»ስ ስድብ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ የአማርኛ ሬዲዮ ስለ አሜሪካ ምርጫ ሲያወራ ፖፑሊስት የሚባሉትን፣ «ተራው ሕዝብ በልሂቃን ተበድሏል፤ ድምፁ እኔ ነኝ» የሚሉትን ፖለቲከኞች «ሕዝባዊ»፣ የገጠር መራጮቻቸውን ደግሞ «ባላገሮች» ይላቸዋል። ባለቤቴ «ባላገር ስድብ ነው» ብላ ትቆጣለች፤ እኔን የከነከነኝ «ሕዝባዊ» ነው። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ከእርስዎ ልጀምር። «ሕዝባዊ» በአማርኛ ምስጋና ነው፤ ሕዝባዊ መሪ፣ ሕዝባዊ አደራ እንላለን። ፖፑሊስት የተባለውን ሰው «ሕዝባዊ» ያለ ጋዜጠኛ ሳያስበው ወግኖለታል። «ሕዝበኛ» ይሻላል። «-ኛ» ሁልጊዜ አይነቅፍም፤ አርበኛና ሐቀኛ ምስክር ናቸው። ፖለቲካ ውስጥ ግን ከዘረኛ፣ ከጎጠኛ፣ ከመንደርተኛ ጋር ስለሚውል ጠረናቸው ይጋባበታል። «ፖፑሊስት» ብሎ መተውም አያስወቅስም።

ቃሉ ሲወለድ ግን ስድብ አልነበረም። የአሜሪካዎቹ የካንሳስና የነብራስካ ግዛቶች ገበሬዎች የባቡር ኩባንያዎች የጭነት ዋጋ፣ የባንክ ዕዳና የእህል ዋጋ መውደቅ ቢያንገፈግፋቸው «የሕዝብ ፓርቲ» በሚል ስም ተደራጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ለፕሬዚዳንትነት ያቀረቡት ጄምስ ዊቨር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ። ፖፑሊስት እነሱ በኩራት የሚጠሩበት ስም ነበር። ስለዚህ ስለ እነሱ ስጽፍ «ሕዝበኛ» አልልም።

«ባላገር»ም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ባለ እና አገር፤ የባለቤትና የባለርስት ዘመድ ነው። በድሮው አነጋገር ባላገር ከወታደሩ የሚለየው አራሹ፣ ግብር ከፋዩ ነበር። ከተሜው እየበዛ ሲሄድ ቃሉ ቁልቁል ወረደ። አራዳ ደግሞ የአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ነው፤ ዛሬ ብልጥና ዘመናዊ ለሆነ ሰው ቅጽል ሆኗል። አንዱ አገር ይዞ ፋራ ተባለ፤ ሌላው ሰፈር ይዞ አራዳ!

ባለቤትዎ እንግዲህ ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። የታክሲ በር መዝጋት ላቃተው ሰው «አንተ ባላገር!» ሲባል ስድብ ነው። «ባላገሩ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ሆነለት?» ሲባል ግን ማንም አይቀየምም። «ባላገሩ» የቴሌቪዥን ጣቢያ ስም እስከመሆንም ደርሷል።

ለአሜሪካ ዜና ግን ቃሉን አልመርጠውም፤ ምክንያቴም ስድብነቱ አይደለም። ባላገር ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው በሬና ሞፈር ነው። «የገጠር መራጮች» ይበቃል። «አርሶ አደር»ም አያዋጣም፤ አርሶ የሚያድር ማለት ነውና። አሜሪካ ገጠር ከሚኖረው ሰው አብዛኛው ገበሬ አይደለም፤ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛው ሸጦ እንጂ አርሶ አያድርም።